ጥላና ምድር፦ የቀሬናው ኤራቶስቴንስ ሕይወትና የምስስል ቅርጾች ትምህርት

መግቢያ

በትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ውስጥ ምስስል ቅርጾች የሚለው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። ሁለት ቅርጾች ዘዌዎቻቸው እኩል ሆነው ተጓዳኝ ጎኖቻቸው ሁሉ በአንድ ቁጥር ከተበዙ ወይም ከተካፈሉ ምስስል ይባላሉ፤ ያም ቁጥር የምጥጥን ቁጥር ይባላል። ተማሪው ይህን ብያኔ ያጠናል፤ ጥቂት ጎነ ሦስቶችን ያነጻጽራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል። ጎኑ እጥፍ የሆነ ቅርጽ ስፋቱ አራት እጥፍ፣ ጠጣር አካል ከሆነም ይዘቱ ስምንት እጥፍ እንደሚሆን ሲነገረው ግን ይደነቃል፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል።

ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። ከሃያ ሁለት መቶ ዓመታት በፊት በእስክንድርያ ይኖር የነበረ አንድ ሊቅ ለንጉሡ በላከው ደብዳቤ ይህንኑ ስሕተት ነቅሶ አሳይቷል፤ ማረሚያውንም በነሐስ አሠርቶ በዓምድ ላይ አቁሟል። ያው ሰው የምድርን ዙሪያ ከሳሕን በማትበልጥ መሣሪያ ላይ ካረፈ ጥላ አስልቶ አውጥቷል። ሰውየው የቀሬናው ኤራቶስቴንስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕይወቱን በአጭሩ መተረክና የተለያዩ የሚመስሉት ሥራዎቹ በአንድ ሐሳብ፣ ማለትም መጠኑ ሲለወጥ ቅርጹ ባለበት ይጸናል በሚለው ሐሳብ፣ እንዴት እንደተሳሰሩ ማሳየት ነው።

ከቀሬና እስከ እስክንድርያ

ኤራቶስቴንስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ በቀሬና ነው። ቀሬና በዛሬይቱ ሊቢያ የምትገኝ የግሪኮች ሰፈራ ከተማ ስትሆን፣ በአዲስ ኪዳን የጌታን መስቀል የተሸከመው ስምዖን የመጣባት አገር በመሆኗ ስሟ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን እንግዳ አይደለም። የአባቱ ስም አግላኦስ እንደነበረ የጥንት ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በትውልድ ከተማው ሊሳንያስ ከሚባል የሰዋስው መምህር ቋንቋና ግጥም ከተማረ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አቴና ተሻገረ።

አቴና በዚያ ዘመን የፖለቲካ ኃይሏን ብታጣም የፍልስፍና መናኸሪያነቷን አላጣችም ነበር። ኤራቶስቴንስ በዚያ የስቶይኮችን መምህር የኪዮሱን አሪስቶንንና በፕላቶ ጉባኤ ይመራ የነበረውን አርኬሲላዎስን ሰማ። ሁለቱ መምህራን በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ነበሩ፤ ተማሪው ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ሳያድር ከሁለቱም ወሰደ። ኋላ ይህ ጠባዩ አንዳንዶችን አላስደሰተም። ስትራቦ የተባለው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ፍልስፍናውን በቁም ነገር ያልያዘ ሰው አድርጎ ነቅፎታል። ኤራቶስቴንስ ግን በፕላቶ ስም የሰየመውን አንድ መጽሐፍ የጻፈው በዚህ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ የምጥጥንን ትምህርት ለሒሳብ ሁሉ እንደ ማሰሪያ ገመድ ያየው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመስላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ246 ዓመት ፕቶሌማዮስ ሦስተኛ በግብፅ ነገሠ። ንጉሡ በግጥምና በምርምር ስሙ እየታወቀ የሄደውን የቀሬና ሰው ወደ እስክንድርያ አስጠራው። ኤራቶስቴንስም የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ፤ ኋላ አራተኛው ፕቶሌማዮስ የተባለውን የንጉሡን ልጅ እንዲያስተምርም ተሾመ። ከዚያ በኋላ የኖረው በአብዛኛው በዚያች ከተማ ነው።

ይህ ሹመት ለሥራው ምን እንዳበረከተ መገንዘብ ይገባል። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የነገሥታቱ ሀብት የሰበሰበው የጽሑፍ ክምችት ነበር፤ የመርከበኞች ዘገባ፣ የጦር ጉዞ ማስታወሻ፣ የመንገድ ልኬትና የከዋክብት ምልከታ በአንድ ቦታ ይገኝ ነበር። ዩክሊድ የጂኦሜትሪን መሠረታዊ መጽሐፍ በ13 ክፍል ያዘጋጀውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ ነበር። በዚያ መጽሐፍ 6ኛ ክፍል ምስስል ጎነ ብዙዎች በስፋታቸው የጎኖቻቸውን ንጽጽር ሁለት ጊዜ እንደሚደግሙ፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍሎች ደግሞ ምስስል ጠጣር አካላት በይዘታቸው ሦስት ጊዜ እንደሚደግሙት ተረጋግጧል። ኤራቶስቴንስ የደረሰው ሕጉ ተዘጋጅቶ በቆየበት ዘመን ነው። የእርሱ ድርሻ ይህን ሕግ ከመጽሐፍ አውጥቶ በነሐስና በምድር ላይ መሞከር ሆነ።

የንጉሡ መቃብርና የኪዩብ እጥፍ

ኤራቶስቴንስ ለፕቶሌማዮስ ሦስተኛ የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ የደረሰው በስድስተኛው ምዕተ ዓመት አውቶክዮስ የተባለ ተንታኝ በአርኪሜዲስ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ትርጓሜ ውስጥ ተጠብቆ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ደብዳቤው ኋላ የተቀናበረ ነው ብለው የተከራከሩ ቢሆንም፣ በመጨረሻው ያለው ግጥም የራሱ የኤራቶስቴንስ መሆኑን እነዚያው ሊቃውንት ሳይቀሩ ተቀብለዋል።

ደብዳቤው የሚጀምረው በአንድ የቲያትር ገጣሚ ስሕተት ነው። ገጣሚው በድራማው ውስጥ የቀርጤሱን ንጉሥ ሚኖስን ለልጁ ለግላውኮስ መቃብር ሲያሠራ ያሳየዋል። መቃብሩ በየጎኑ 100 ጫማ መሆኑን የሰማው ንጉሥ ለንጉሥ ልጅ እንዲህ ያለው ትንሽ ነው ብሎ፣ ቅርጹ ሳይበላሽ ጎኖቹ ሁሉ እጥፍ ሆነው መቃብሩ እጥፍ እንዲሆን ያዝዛል። ኤራቶስቴንስ ገጣሚው እንደተሳሳተ ለንጉሡ ያስረዳል፤ ጎኖቹ እጥፍ ሲሆኑ ገጾቹ አራት እጥፍ፣ ጠጣሩም ስምንት እጥፍ ይሆናልና።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በየጎኑ 100 ጫማ የሆነ ኪዩብ የአንድ ገጹ ስፋት 10,000 ካሬ ጫማ፣ ይዘቱም 1,000,000 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ጎኑ 200 ጫማ ቢደረግ የገጹ ስፋት 40,000፣ ይዘቱ 8,000,000 ይሆናል። ሚኖስ እንዳዘዘው የተገነባ ቢሆን ኖሮ ግንበኞቹ ከታሰበው አራት እጥፍ ድንጋይ ባጓጓዙ ነበር። ይዘቱን በእርግጥ እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጎን 126 ጫማ ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 2,000,376 ይሰጣልና። እንግዲህ የሚፈለገው የምጥጥን ቁጥር 2 ሳይሆን 1.26 ገደማ ነው። ቁጥሩ ግን በትክክል አያልቅም፤ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻም ሊሣል አይችልም። ይህ መቻል ያለመቻሉ ጉዳይ በጥብቅ የተረጋገጠው በ1837 በፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዜል ነው።

ደብዳቤው ከዚህ ጋር የዴሎስን ደሴት ታሪክ ያነሣል። የደሴቲቱ ሰዎች ከአማልክት በመጣ ትእዛዝ አንድን መሠዊያ እጥፍ እንዲያደርጉ ተነግሯቸው፣ መንገዱ ስለጠፋቸው በፕላቶ ጉባኤ ያሉትን የጂኦሜትሪ ሊቃውንት መጠየቃቸው ይተረካል። ከዚያ ቀደም ብሎ የኪዮሱ ሂፖክራጥስ ችግሩን ወደ ሌላ መልክ አምጥቶት ነበር፤ በሁለት የተሰጡ ርዝመቶች መካከል ሁለት መካከለኛ ርዝመቶች ቢገኙና አራቱም በአንድ ንጽጽር ቢከታተሉ ኪዩቡ እጥፍ ይሆናል። አርኪታስ፣ ዩዶክሶስና ሜናይክሞስ እያንዳንዳቸው መልስ አቀረቡ። መልሶቻቸው ረቂቅና ትክክለኛ ቢሆኑም በሠራተኛ እጅ ሊፈጸሙ የማይችሉ ነበሩ፤ ኤራቶስቴንስም ያነሣባቸው ነቀፌታ ይኸው ነው።

የነሐሱ መሣሪያ

ኤራቶስቴንስ ያቀረበው መፍትሔ መካከለኞችን የሚይዝ መሣሪያ ነበር። አሠራሩ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚገባ ነው። ሦስት እኩል አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች በሁለት ትይዩ ቦዮች መካከል ይቆማሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ በአንድ አቅጣጫ ሰያፍ መስመር ተሥሏል። አንዱ ሰሌዳ ባለበት ሲጸና ሌሎቹ በቦዮቹ ውስጥ እየተንሸራተቱ በከፊል ይደራረባሉ። ከመጀመሪያው ሰሌዳ ጫፍ ተነሥቶ በመጨረሻው ጠርዝ ላይ እስከተመረጠው ነጥብ የሚዘረጋ ቀጥተኛ መስመር፣ የአንዱ ሰሌዳ ጠርዝ ከሌላው ሰያፍ ጋር በሚገናኝባቸው ነጥቦች ሁሉ ላይ እስኪያልፍ ድረስ ሰሌዳዎቹ ይስተካከላሉ። በዚያን ጊዜ ከታችኛው ቦይ እስከዚያ መስመር ያሉት አራት ቁመቶች በአንድ ንጽጽር ይከታተላሉ።

ይህ የሚሆነው በምስስል ጎነ ሦስቶች ኃይል ነው። ቋሚ ጠርዞቹ እርስ በርሳቸው፣ ሰያፎቹም እርስ በርሳቸው ትይዩ ስለሆኑ፣ በተዘረጋው መስመርና በታችኛው ቦይ መካከል የሚፈጠሩት ጎነ ሦስቶች ቅርጻቸው አንድ፣ መጠናቸው ግን እየቀነሰ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው ቁመት 2፣ የመጨረሻው 1 ቢሆን፣ መሣሪያው በመካከላቸው 1.59ንና 1.26ን ያህል ያሳያል። እያንዳንዱ ከሚቀጥለው ጋር ያለው ንጽጽር ያው 1.26 ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም 2 ይሆናል።

ደብዳቤው መሣሪያው ለምን እንደሚጠቅም ይዘረዝራል። የእህልና የፈሳሽ መስፈሪያዎችን ቅርጻቸው ሳይለወጥ ወደሚፈለገው መጠን ለማሳደግ ወይም ለማሳነስ፣ መሠዊያና ቤተ መቅደስ ለማስፋት፣ ድንጋይ ወርዋሪ የጦር መሣሪያዎችንም ለማጉላት ያገለግላል። የመጨረሻው ጥቅም ለነገሥታቱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። በዚያው ምዕተ ዓመት የነበረው የቢዛንጥዮሙ ፊሎን እንደመዘገበው፣ የወርዋሪው ክፍሎች ሁሉ የሚለኩት የተጠማዘዘው ጅማት በሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ሲሆን፣ የድንጋዩ ክብደት እጥፍ ሲሆን ቀዳዳው በ1.26 ያህል ብቻ መጨመር ነበረበት። የሚኖስን ስሕተት የደገመ መሐንዲስ ወይ ከንቱ የከበደ ወይ የሚሰበር መሣሪያ ያበጅ ነበር።

ኤራቶስቴንስ መሣሪያውን በነሐስ አሠርቶ በእርሳስ ከአንድ የመታሰቢያ ዓምድ ጋር አጣበቀው፤ ከበታቹ አጭር ማረጋገጫና ሥዕል፣ ከዚያም ለንጉሡና ለልጁ የተጻፈ ግጥም አስቀረጸ። የሒሳብ ማረጋገጫ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በአደባባይ መቆሙ የሰውየውን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ለእርሱ የምጥጥን ዕውቀት በሊቃውንት ጉባኤ ተዘግቶ የሚቀር ምሥጢር አልነበረም።

ጥላው፣ ሳሕኑና ምድር

ስሙን ዘላለማዊ ያደረገው ግን የምድር ልኬት ነው። ስለ ልኬቱ የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ዋናው ዝርዝር የተገኘው ክሌዎሜዴስ ከተባለ ኋለኛ የሥነ ፈለክ ጸሐፊ ነው።

በላይኛው ግብፅ በምትገኘው በሴዌኔ፣ በዛሬይቱ አስዋን፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጫፏ በምትደርስበት ዕለት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 14 ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ የቆሙ ነገሮች ጥላ አይጥሉም ነበር። በዚያው ዕለትና ሰዓት በእስክንድርያ ግን ጥላ ይታይ ነበር። መለኪያው በውስጡ መርፌ የቆመበት ግማሽ ሉል ሳሕን ሲሆን፣ የመርፌው ጥላ የሸፈነው ቅስት ሳሕኑ አካል ከሆነበት ሙሉ ክብ 1/50 ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የመመሳሰል ሕግ ነው። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሮቿ በሁለቱም ከተሞች ትይዩ ሆነው ይወርዳሉ ተብሎ ይወሰዳል። በሴዌኔ ያለው ጨረር በቀጥታ ወደ ምድር መካከል ያመራል፤ የእስክንድርያው መርፌም ቢረዝም እዚያው ይደርሳል። መርፌው ሁለቱን ትይዩ መስመሮች ስለሚያቋርጥ፣ በመርፌው ጫፍ ያለው ዘዌና በምድር መካከል ያለው ዘዌ እኩል ናቸው። በእኩል ዘዌዎች ላይ የቆሙ ቅስቶች ደግሞ ምስስል ናቸው። ስለዚህ በሳሕኑ ውስጥ ያለው ቅስት የሳሕኑ ክብ 1/50 ከሆነ፣ ከሴዌኔ እስከ እስክንድርያ ያለው ቅስትም የምድር ክብ 1/50 ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታድዮን ተብሎ ይታወቅ ነበርና፣ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድዮን ሆነ። ኋላም ቁጥሩን ወደ 252,000 አሻሻለው፤ ይህ ቁጥር ለ60ም ለ360ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለስሌት የሚያመች ነው።

የዚህን አስተሳሰብ ድፍረት ለመረዳት የምጥጥኑን ቁጥር ማስላት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል የሳሕኑ ሬዲየስ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጥላው የሸፈነው ቅስት 3.14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአውራ ጣት አንድ አንጓ ብዙም የማይበልጥ ነው። ምስስሉ የሆነው የምድር ቅስት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የምጥጥን ቁጥር ከ25 ሚሊዮን ይበልጣል። ከዚህ አንድ ከባድ ውጤት ይከተላል፦ የምጥጥን ቁጥር እውነትን እንደሚያጎላ ስሕተትንም ያጎላል። ጥላውን ሲያነብ በ1 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሰው የምድርን ዙሪያ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስተዋል።

ልኬቱ በእርግጥ ፍጹም አልነበረም። ሴዌኔና እስክንድርያ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ አይደሉም፤ ሴዌኔ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ፀሐይ በአናት ላይ ከምትደርስበት የመጨረሻው ሰሜናዊ መስመርም ጥቂት ወጣ ትላለች። የ5,000ው ስታድዮን ርቀት በደፈናው የተጠጋጋ ነው። የስታድዮኑ ርዝመት ራሱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሲሆን፣ 185 ሜትር ተብሎ ቢወሰድ 250,000 ስታድዮን 46,250 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 157.5 ሜትር ተብሎ ቢወሰድ ግን 252,000 ስታድዮን 39,690 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ዛሬ ከሚታወቀው ከ40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እምብዛም የማይርቅ ይሆናል። በዚህ ክርክር ላይ ብቻ ማተኮር ግን ዋናውን ነገር ያስረሳል። የስታድዮኑ ርዝመት ምንም ይሁን ምን 1/50 የሚለው ንጽጽር አይለወጥም፤ በዛሬው ልኬት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት 7 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ሲሆን፣ የክብ 1/50 ደግሞ 7 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ነው። ንጽጽር ከማናቸውም የመለኪያ አሐድ ነፃ ነው፤ የምስስል ቅርጾች ትምህርት ጥንካሬም በዚህ ላይ ይቆማል።

ካርታው፣ ዓባይና የሂፓርኩስ ነቀፋ

የምድር ሙሉ መጠን ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ሥራ ሰው የሚኖርበትን ክፍል በመጠኑ አሳንሶ መሣል ነበር። ኤራቶስቴንስ በሦስት ክፍል ባዘጋጀው የመልክዐ ምድር መጽሐፉ ይህን ሞከረ። አንድ ዋና መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሮድስ በኩል፣ ሌላ መስመር ከደቡብ ወደ ሰሜን በሜሮዌ፣ በሴዌኔ፣ በእስክንድርያና በሮድስ በኩል አሳለፈ። አገሮችንም ከሚታወቁ የጂኦሜትሪ ቅርጾች ጋር እያስተያየ ገለጸ፤ ሕንድን በተንጋደደ አራት ማዕዘን መሰላት።

በዚህ ሥራ ውስጥ የዓባይ ሸለቆ ሰፊ ቦታ ይዟል። በዛሬይቱ ሱዳን የምትገኘው ሜሮዌ ከሴዌኔ 5,000፣ ከእስክንድርያም 10,000 ስታድዮን እንደምትርቅ አስቀመጠ። በዛሬው ልኬትም ሦስቱ ቦታዎች በኬክሮስ ሲታዩ በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ይህን ያገኘው ከመንገድ ዘገባ ብቻ አይደለም። ፊሎን የሚባል ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘ ሰው፣ ፀሐይ ከሰሜናዊ ጫፏ 45 ቀን አስቀድሞ በሜሮዌ አናት ላይ እንደምትቆም መዝግቦ፣ የቆመ ዘንግ ከጥላው ጋር ያለውን ንጽጽርም ጽፎ ነበር፤ ኤራቶስቴንስም በዚህ ተስማምቷል። በግሪኮች አነጋገር ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ያመለክት እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ስትራቦ ባቆየልን ገለጻ መሠረት ኤራቶስቴንስ ከምሥራቅ ካሉ ሐይቆች የሚመነጩ ሁለት ወንዞች የሜሮዌን ምድር ከበው ወደ ናይል እንደሚገቡ ያውቅ ነበር። አስታቦራስ የተባለው ወንዝ የላይኛው ውኃው ተከዜ የሆነው የዛሬው አትባራ ነው፤ አስታጶስ የተባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓባይ ጋር አንድ ተደርጎ ይታሰባል። ከብዙ ዘመን በኋላ የጻፈው ፈላስፋ ፕሮክሎስ እንደሚነግረን፣ ኤራቶስቴንስ የግብፅ ጎርፍ መንሥኤ በላይኛው አገር የሚዘንበው የክረምት ዝናብ መሆኑን እንደ ተረጋገጠ ነገር ይቈጥር ነበር፤ ሰዎች ወደ ምንጮቹ ደርሰው ዝናቡን አይተዋልና። ለብዙ ምዕተ ዓመታት ግሪኮችን ያከራከረው ጥያቄ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ባዩ ሰዎች ምስክርነት መልስ አገኘ ማለት ነው።

ካርታው ግን ከባድ ተቺ ገጠመው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርኩስ በኤራቶስቴንስ ላይ ያነጣጠረ መጽሐፍ ጻፈ። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በተጓዦች ግምት ላይ የተመሠረቱ ርቀቶች ጎነ ሦስት ሲሠራባቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ የቦታዎች አቀማመጥ መወሰን ያለበት በሰማይ ምልከታ ነው። ነቀፋው በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ሂፓርኩስ የጠየቀው ዓይነት ምልከታ በዚያን ጊዜ ለጥቂት ቦታዎች ብቻ የተገኘ ስለነበር፣ እርሱ በጠየቀው ጥንቃቄ ብቻ የሚሠራ ሰው ካርታ ሊሥል ባልቻለም ነበር። ኤራቶስቴንስ ባለው መረጃ ሥሎ የሚታረም ነገር ማቅረብን መረጠ። ተቺው ሊያርም የቻለውም የሚታረም ሥራ ስለተተወለት ነው።

ሁለተኛው ሰው

ኤራቶስቴንስ ከዚህ ሌላ የዘመናትን ቅደም ተከተል በጥናት ለመወሰን የሞከረ፣ ስለ ጥንታዊ ኮሜዲ ሰፊ መጽሐፍ ያዘጋጀ፣ ግጥም የገጠመ፣ ዋና ቁጥሮችንም በወንፊት አምሳል የሚለይ ዘዴ ያበጀ ሰው ነው። በእስክንድርያ የነበሩ ሰዎች ቤታ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ቤታ የግሪክ ፊደል ሁለተኛው ሲሆን ሰውየው በሁሉም ነገር ሁለተኛ እንጂ በምንም አንደኛ አይደለም ለማለት ነው። ሌሎች ደግሞ በአምስት ዓይነት ውድድር ከሚሳተፍ አትሌት ጋር አመሳሰሉት፤ ይህም ከሙገሳም ከሽሙጥም የተቀላቀለ ነው።

በዘመኑ አንደኛ የነበረው ሊቅ ግን በዚህ አልተስማማም። የሰራኩሱ አርኪሜዲስ የግኝቶቹን ስውር መንገድ የገለጠበትን የአሠራር ዘዴ የተባለውን መጽሐፍ የላከው ለኤራቶስቴንስ ነው፤ በመግቢያውም በሒሳብ ምርምር ትጉህና ብቁ ሰው መሆኑን መስክሮለታል። ያ መጽሐፍ ለብዙ ዘመናት ጠፍቶ ኖሮ በ1906 የዴንማርኩ ሊቅ ሃይበርግ በቁስጥንጥንያ ጽሑፉ ተፍቆ በላዩ ጸሎት በተጻፈበት ብራና ላይ ሲያገኘው፣ ቤታ ለተባለው ሰው የቀረበው ይህ ምስክርነት አብሮ ወደ ብርሃን ወጣ።

የሕይወቱ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በእርጅናው ዐይኖቹ ታወሩ። የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ማንበብም መመልከትም ያልቻለው ሊቅ በ80 ዓመቱ ገደማ ምግብ ትቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት አካባቢ በእስክንድርያ ዐረፈ። ከጻፋቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ በሙሉ አልተገኙም፤ የሚታወቀው ሌሎች እየጠቀሱም እየነቀፉም ባቆዩት ቍርጥራጭ ነው። የነሐሱ መሣሪያና ዓምዱም ጠፍተዋል።

ማጠቃለያ

የኤራቶስቴንስ ሕይወት በአንድ ላይ ሲታይ፣ ሁለተኛ ያሰኘው መበታተን ከውጭ የሚታይ እንጂ ከውስጥ ያለ አይደለም። ለሚኖስ መቃብር የፈለገው ቅርጹን ጠብቆ ይዘቱን የሚያሳድግ ቁጥር ነው። በሳሕኑ ላይ ያነበበው ከምድር ቅስት ጋር ምስስል የሆነ ቅስት ነው። በካርታው ላይ የሣለው የሚኖርባትን ምድር በመጠኗ ያነሰች አምሳል ነው። በሦስቱም ጥያቄው አንድ ነው፦ ትንሹ ስለ ትልቁ ምን ያህል እውነት ሊናገር ይችላል?

መልሱ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ቅርጹ አንድ ሲሆን ርዝመት፣ ስፋትና ይዘት በአንድ ዓይነት ፍጥነት አያድጉም፤ ይህን የዘነጋ ንጉሥም ገጣሚም መሐንዲስም ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ንጽጽር ከመለኪያ አሐድ ነፃ ስለሆነ ስታድዮን ተረስቶም እውነቱ ይኖራል። ሦስተኛ፣ ምጥጥን ዕውቀትን በሚያበዛበት መጠን ስሕተትንም ያበዛል፤ ስለዚህ በትንሹ ነገር ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ በትልቁ ላይ ያለውን ፍርድ ይወስናል። ምስስል ቅርጾችን የሚያስተምር መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ለጎን አንድ ዘንግ በግቢው አቁሞ ጥላውን ቢያስለካ፣ ተማሪው የሚይዘው ብያኔ ብቻ ሳይሆን የቀሬናው ሰው በእስክንድርያ የተጠቀመበት መሣሪያ ይሆናል።